ተቀምጠው የሚጠጡበት ቤት

(ለትምህርት ወደ ጃፓን ለሚሄዱ ወጣቶች በተዘጋጀ የሽኝት ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ቪዛው፣ ስለ ክረምቱ ብርድ ከእኔ በፊት የተናገሩት በደንብ ነግረዋችኋል። እኔ የተጠየቅኩት ስለ ምግብ እንድናገር ነው። ሱሺና ራመን ትጠብቁ ይሆናል። እነሱን ራሳችሁ ትደርሱባቸዋላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ስለ ኢዛካያ ነው። ጃፓንኛ አፌን የፈታሁት እዚያ ነው። ጓደኛ ያፈራሁትም እዚያ ነው። አገር ቤት ሲናፍቀኝ እግሬ ይዞኝ የሚሄደው ወደዚያው ነበር።

በስሙ ልጀምር። "ሳካያ" ማለት መጠጥ የሚሸጥበት ሱቅ ነው። "ሳኬ" መጠጥ ነው፣ "ያ" ደግሞ ሱቅ። ገዝታችሁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ፊቱ ላይ "ኢ" ሲጨመርበት ነገሩ ይለወጣል። "ኢ" መቀመጥ፣ መቆየት ነው። ኢዛካያ እንግዲህ መጠጡን ገዝታችሁ እዚያው የምትቆዩበት ሱቅ ነው።

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይሄ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ግሮሰሪ በቃሉ የሸቀጥ መሸጫ ነው። እኛ ግን "ማታ ግሮሰሪ እንገናኝ" ስንባባል ዘይትና ሳሙና ልንገዛ አይደለም። ሱቁ መቀመጫ ሆኗል፤ ስሙ ግን እንደ ድሮው ቀርቷል። እዚያም እንዲሁ ነው የሆነው።

ቶኪዮ ያኔ ኤዶ ትባል ነበር። ካንዳ በሚባለው ሠፈር ቶሺማያ የሚባል መጠጥ ቤት እ.ኤ.አ. በ1596 ተከፈተ። ስሙ እስካሁን አለ። ስለዚህ ቤት የሚነገር ደስ የሚል ታሪክ አለ። መጠጡን በመጣበት ዋጋ ይሸጠው ነበር ይባላል። ትርፉን የሚያገኘው ባዶውን በርሜል መልሶ በመሸጥ ነው። ከመጠጡ ጋር ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ በእንጨት ሰክቶ፣ ሚሶ የሚባለውን የአኩሪ አተር ማባያ ቀብቶ፣ ጠብሶ ያቀርብ ነበር። ተሸካሚው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ የጌታ አሽከሩ እዚያው ይበላል፣ ይጠጣል።

ኤዶ የወንዶች ከተማ ነበረች። ሳሙራዮቹ ጌቶቻቸውን ተከትለው ከየአውራጃው ይመጣሉ። ሚስትና ልጅ አገር ቤት ይቀራሉ። አናጢውና የቀን ሠራተኛውም ብዙው ብቻውን የሚኖር ነው። ቤቱ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ማታ የት ይግባ? ብርሃን ያለበት፣ ትኩስ ነገር የሚቀመስበት፣ ሰው የሚገኝበት ቦታ ፈለገ። እንዲህ ያሉ ቤቶች የበዙት ለዚህ ነው። ከተማዋ ስሟ ተለወጠ፣ ተቃጠለች፣ በቦምብ ወደመች፣ እንደገና ተሠራች። ብቻውን ወደ ጠባብ ክፍል የሚገባ ሰው ግን አሁንም አለ። በሚቀጥለው ወር እናንተም ከእነሱ አንዱ ትሆናላችሁ።

ስለዚህ ይህችን "ኢ" ያዙልኝ። እዚያ ቤት ገብታችሁ ግራ የሚገባችሁ ነገር ሁሉ በእሷ ይፈታል።

መጀመሪያ በሩ። ደጁ ላይ ቀይ የወረቀት ፋኖስ ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። አካቾቺን ይባላል። በሩ አናት ላይ ደግሞ ከመሃሉ የተሰነጠቀ አጭር መጋረጃ አለ። ኖረን ይሉታል። ኖረን ከተሰቀለ ቤቱ ክፍት ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተዘግቷል። ሰዓት የተጻፈበት ማስታወቂያ አትፈልጉ፤ መጋረጃውን እዩ። በሩ የሚንሸራተት ነው፤ ብዙ ጊዜም ውስጡ አይታይም። ለአዲስ ሰው ከባዱ ነገር ይሄ ነው። ማን እንዳለ አታዩም፣ ዋጋ አታዩም፣ ባዶ ወንበር ይኑር አይኑር አታውቁም።

እኔ ሦስት ቀን በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ሠፈሬ ያለች ትንሽ ቤት ነበረች። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። የከሰልና የዓሣ ሽታ እስከ መንገዱ ይመጣል። እጄን ወደ በሩ እዘረጋና ልቤ ይመታል። ጃፓንኛዬ ገና "ስሜ እገሌ ነው" ላይ ነው። በአራተኛው ቀን ዝናብ ያዘኝና ገባሁ። "ኢራሻይማሴ!" አለ ቤቱ ሙሉ። እንኳን ደህና መጣህ ማለት ነው። ደንግጬ ቆምኩ። ባለቤቲቱ "ናንሜይ ሳማ?" አለችኝ። ስንት ናችሁ ነው። መልሱን በቃል አላውቀውም። አንድ ጣቴን አሳየሁ። ባንኮኒው ጫፍ ያለችውን ወንበር ጠቆመችኝ። ለሁለት ዓመት ያቺ ወንበሬ ሆነች።

እንደተቀመጣችሁ እርጥብ ፎጣ ይሰጣችኋል። ኦሺቦሪ ነው። ክረምት ከሆነ ሙቅ፣ በጋ ከሆነ ቀዝቃዛ። ለእጃችሁ ነው። እዚህ ምግብ ሲቀርብ ማስታጠቢያና ጆግ ይዘው እንደሚመጡት ማለት ነው። ቀጥሎ ያላዘዛችሁት አንድ ትንሽ ሳህን ይመጣል። እዚህ ጋ ቆም ልበል፤ ብዙ ሐበሻ የሚቀየመው በዚህ ነው።

እኔም ተቀይሜያለሁ። በዚያ የመጀመሪያ ቀን ከፊቴ የተቀመጠው በሶያ ሶስ የተቀቀለ ነጭ ሥር ነበር። የመስተንግዶ መስሎኝ በደስታ በላሁት። ሂሳብ ሲመጣ 400 የን ተጨምሮበታል። ያላዘዝኩትን! ዝም ብዬ ከፍዬ ወጣሁ፤ ግን ውስጤ ተቃጠለ። የውጭ ሰው ስለሆንኩ አታለሉኝ ብዬ ሳምንት ሙሉ በዚያ መንገድ አላለፍኩም። በመጨረሻ ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚቀድመኝ ጃፓናዊ ተማሪ ነገርኩት። እሱም "ኦቶሺ እኮ ነው፤ እኔም እከፍላለሁ፣ ፕሮፌሰሩም ይከፍላል" አለኝ።

ኦቶሺ የመቀመጫ ነው። ኦሳካ አካባቢ ደግሞ ቱኪዳሺ ይሉታል። ብዙ ቤት ከ300 እስከ 500 የን ነው። ወንበሩን ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ትይዙታላችሁ። ብዙ ጊዜ ማንም ተነሡ አይላችሁም። የዚያ ዋጋ ነው። ግን በባዶው አያስከፍሏችሁም፤ ከእጃቸው አንድ ነገር ያቀምሷችኋል። ቡና ያለ ቁርስ እንደማይቀርበው በሉት። ዛሬ እኔ አንድን ቤት የምመዝነው በኦቶሺው ነው። ከትናንት የተረፈ ነገር ካመጣችልኝ ሁለተኛ አልመለስም። ያን ቀን የወጣ አትክልት፣ በዚያው ከሰዓት የተቀቀለ ከሆነ ባለቤቲቱ ሥራዋን ትወዳለች ማለት ነው። ኪሳችሁ ሳሳ ካለ ደግሞ ኦቶሺ የማያስከፍሉ ሰንሰለት ቤቶች አሉ። ቶሪኪዞኩ አንዱ ነው፤ እዚያ ምግቡም መጠጡም በአንድ ወጥ ዋጋ ነው። ተማሪ የሚወደው ለዚህ ነው።

ወደ መጠጡ እንሂድ። ከሰው ጋር ከሄዳችሁ ገና ሳትቀመጡ አንዱ "ቶሪያኤዙ ቢሩ!" ይላል። ለጊዜው ቢራ ማለት ነው። እኛ ጃምቦ የምንለው ዓይነት ድራፍት ይመጣል። ሁሉም ሰው ብርጭቆው እጁ እስኪገባ አንድም ሰው አይቀምስም። ከዚያ "ካምፓይ!" ይባላል። ከፕሮፌሰራችሁ ጋር ብርጭቆ ስታጋጩ የእናንተን ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ይሄን ለእኛ ማስተማር አይከብድም፤ ለታላቅ እጅ ስንሰጥ በግራ እጅ ክንዳችንን ደግፈን ነው ያደግነው።

የማትጠጡ አላችሁ። ሙስሊም አለ፣ ጴንጤ አለ፣ ጾመኛ አለ፣ ዝም ብሎ የማይወድ አለ። አትሸማቀቁ፣ አትቅሩም። "ኡሮንቻ" በሉ። ቀዝቃዛ ሻይ ነው፤ በቢራ ብርጭቆ ይመጣል። ከሁሉም ጋር ካምፓይ ትላላችሁ፣ ከሁሉም ጋር ትቆያላችሁ። ዕድሜያችሁ 20 ካልሞላም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጉ ለአካለ መጠን መድረሻውን ወደ 18 አወረደው፤ የመጠጡን ግን 20 ላይ ተወው።

መጠጥ በጠርሙስ ሲመጣ ለራሳችሁ አትቅዱ። ለጎረቤታችሁ ትቀዳላችሁ፤ እሱ ለእናንተ ይቀዳል። ብርጭቆው ሲጎድል ማየት የጎረቤት ሥራ ነው። እኛም ቤት እንግዳ ተነሥቶ ለራሱ ቢቀዳ አስተናጋጁ ያፍራል። በዚህ በኩል አገሩ አይከብዳችሁም።

አንድ ነገር ግን በቅርብ ላሳያችሁ። የሩዙን መጠጥ ሳኬን በብርጭቆ ስታዙ ባለቤቲቱ ትንሽ አራት ማዕዘን የእንጨት ሳጥን ታመጣለች። ማሱ ይባላል። ሳጥኑ ውስጥ ብርጭቆ ታቆማለች። ከዚያ 1.8 ሊትር የሚይዘውን ትልቁን ጠርሙስ በሁለት እጇ ይዛ መቅዳት ትጀምራለች። ብርጭቆው ይሞላል። አታቆምም። በከንፈሩ ላይ ያብጣል። አሁንም አታቆምም። ሞልቶ ወደ ሳጥኑ ይፈሳል፤ ሳጥኑ ግማሽ ሲደርስ ጠርሙሱን ቀና ታደርጋለች። ብርጭቆውን ማንሳት አትችሉም፤ ይፈስባችኋል። ወደ ብርጭቆው ጎንበስ ብላችሁ አፋችሁን ታስጠጋላችሁ። መጀመሪያ ፉት ብላችሁ አንድ ጉንጭ ትወስዳላችሁ። ከዚያ በኋላ ነው በእጅ የሚነሣው። በመጨረሻ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ትጠጣላችሁ፤ የእንጨቱ ሽታ ገብቶበታል። እናቴ ለእንግዳ ጎደሎ መቅዳት ነውር ነው ትላለች። ያን ቀን ያቺን ሴትዮ ሳያት እናቴ ትዝ አለችኝ።

ይህ መጠጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አልኮሉ ወደ 15 በመቶ ነው፤ የቢራን ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ሙቅ ሆኖ ሲቀርብ ደግሞ እንደ ሾርባ ይወርዳል። መለኪያው "ጎ" ይባላል፤ 180 ሚሊ ሊትር ነው። የሚጠመቀው በሩዝ፣ በውሃና ኮጂ በሚባል ሻጋታ ነው። ብቅልና ጌሾ እያየ ላደገ ሰው ጠማቂዎቹን ማየት ትልቅ ደስታ ነው። ይህ የአጠማመቅ ጥበብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዕረፍት ቀናችሁ አንድ ጠመቃ ቤት ሄዳችሁ ጎብኙ።

አሁን ወደ ምግቡ። እዚያ አንድ ሰው አንድ ሳህን አዝዞ አጎንብሶ አይበላም። ትንንሽ ሳህን እየታዘዘ መሃል ይቀመጣል። ሁሉም ያነሣል። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ይታዘዛል። ተቀምጣችኋል፤ የሚያስቸኩል የለም። በአንድ ጊዜ ሁሉን ካዘዛችሁ ቤቱን አልተረዳችሁትም።

በኤዳማሜ ጀምሩ። ስሙ እንዳያስደነግጣችሁ፤ እሸት ነው። የአኩሪ አተር እሸት ከነቆዳው ተቀቅሎ፣ ጨው ተነስንሶበት ይመጣል። ቆዳውን በጥርስ ሳብ ታደርጉና ፍሬውን ትበላላችሁ። ቆዳው ይጣላል። የባቄላ እሸት ሲፈለፍል ያደገ ሰው እጁ ራሱ ያውቀዋል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ባዶ ሳህን እየሞላሁ ሳላውቀው የልጅነቴን መስከረም አስታወስኩ።

ቀጥሎ ያኪቶሪ። ዶሮ ቁርጥ ቁርጥ ተደርጎ በቀጭን የቀርከሃ እንጨት ተሰክቶ ከሰል ላይ ይጠበሳል። ባንኮኒ ላይ ተቀመጡና ጠባሹን እዩት። ቁመቱ የሱን እጅ የሚያህል ጠባብ ምድጃ አለው። ጥሩ ቤት ከሆነ ከሰሉ ቢንቾታን ነው። ከዋካያማ አካባቢ ከሚገኝ ጠንካራ ዛፍ ይከስላል። ሁለቱን ብታጋጩት እንደ ብረት ይጮኻል፤ ጢሱ ትንሽ ነው፤ ግለቱ ብርቱ። ጠባሹ በአንድ እጁ ማርገብገቢያ ይዟል፤ በሌላው እንጨቶቹን ያገላብጣል። ስብ ከሰሉ ላይ ጠብ ሲል እሳት ብልጭ ይላል፤ እሱ ግን ቀድሞ ያንን እንጨት ወደ ጎን አድርጎታል። ዓይኑ ከእጁ አይለይም። አጠገቡ አፉ የጠቆረ ማሰሮ አለ። ታሬ የሚባለው ማጣፈጫ ያለው እዚያ ነው። የተጠበሰውን ያጠልቅና መልሶ እሳቱ ላይ ያኖረዋል። ማሰሮው ተሟጥጦ አያልቅም፤ ከላይ እየተጨመረበት ዓመታት ይቆያል። እንደ እርሾ ነው። እሱ ለሚቀጥለው ሰው ያወርሰዋል።

ስታዙ "ሺዮ ወይስ ታሬ?" ይላችኋል። ጨው ወይስ ማጣፈጫው ነው። ኔጊማ የሚባለው ዶሮና ባሮ ሽንኩርት ተፈራርቀው የተሰኩበት ነው፤ ለመጀመሪያ ቀን እሱን እመክራለሁ። ልብ አለ፣ ጉበት አለ፣ ቆዳ አለ፣ ለስላሳ አጥንት አለ። ዱለት የሚወድ ሰው እዚህ ቤት አይራብም።

አሁን ደብተር ያላችሁ ጻፉ፤ ለእኛ ሰው ይሄ አስፈላጊ ነው። ያኪቶሪ ዶሮ ነው። ያኪቶን ግን አሳማ ነው። በአንዲት ፊደል ነው የሚለዩት፤ ፋኖሱም ሽታውም ይመሳሰላል። ብዙዎቻችን፣ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም፣ አሳማ አንበላም። "ቡታ" የሚል ከሰማችሁ አሳማ ነው። ግዮዛ የሚባለው እንደ ሳምቡሳ የታጠፈ ነገር ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ አሳማ አለበት። "ቡታኒኩ ዋ ታቤማሴን" በሉ፤ የአሳማ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። አይቀየሙም። ታሬው ውስጥ ደግሞ ሚሪን የሚባል ጣፋጭ አልኮል ይገባል፤ ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ ጨዉን ምረጡ። ሥጋው በማን እጅ ታረደ የሚለው የሚያሳስበው ሰው ከዓሣና ከአትክልቱ አይውጣ። እሱም ሰፊ ነው።

ጾም ትንሽ ይከብዳል። ሥጋ በሌለበት ሁሉ ዓሣ አለ። የሾርባው፣ የአትክልቱ መቀቀያ፣ የማጣፈጫው መሠረት ዳሺ ነው። ዳሺ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ይወጣል። ቀዝቃዛ ቶፉ ስታዙ አናቱ ላይ ትኩስ ነገር ሲነካው የሚወዛወዝ ስስ ፍቅፋቂ ይመጣል። ካትሱኦቡሺ ነው፤ ዓሣ። "ካትሱኦቡሺ ናሺ ደ" ካላችሁ ያለሱ ያመጡላችኋል። ከዝንጅብልና ከሶያ ሶስ ጋር ይጣፍጣል። ኤዳማሜ አለ፣ በጨው የተያዘ ኪያር አለ፣ ውስጡ ኮምጣጣ ፕለም የተቀበረበት የሩዝ ድቡልቡል አለ። ዐቢይ ጾምን በእነዚህ አልፌዋለሁ።

አስተናጋጅ ለመጥራት አታጨብጭቡ። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ "ሱሚማሴን!" በሉ። ነውር አይደለም፤ ሁሉም ይጮኻል። ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፉ ወረቀቶች ተለጥፈዋል፤ ያን ቀን ያለው ምግብ ነው። ማንበብ ካልቻላችሁ "ኦሱሱሜ ዋ?" በሉ። የምትመክሩኝ ምንድን ነው ማለት ነው። እኔ በልቼ የማልረሳቸውን ነገሮች ሁሉ ያገኘሁት በዚህ ጥያቄ ነው።

ስለ መብያ እንጨቶቹ ሁለት ነገር ብቻ። ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሏቸው፤ ለሙት የሚቀርብ ሩዝ እንደዚያ ነው። ከእንጨት ወደ እንጨትም ምግብ አትቀባበሉ። ሬሳ ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰብ አጥንቱን የሚያነሣው እንዲያ እየተቀባበለ ነው። ይህ ለእኛ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም እጃችን ጉርሻ ለምዷል። አንድ ጊዜ ደስ ብሎኝ ለጓደኛዬ በእንጨቴ ዘረጋሁለት፤ እሱም ሳያስበው በእንጨቱ ሊቀበለኝ ሲል የጠረጴዛው ጨዋታ ጸጥ አለ። ማንም አልተቆጣኝም። በኋላ ሲያስረዱኝ አዘንኩ። ሳህን ላይ አኑሩለት፤ ከሳህን ያነሣዋል።

ባንኮኒ ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር ታወራላችሁ። ባቡር ውስጥ ዓይን ለዓይን የማይተያይ ሰው እዚህ "ከየት ነህ?" ይላችኋል። አንድ ማታ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ጠየቁኝ። "ኤቺዮፒያ" አልኩ። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "አቤቤ!" አሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 21 ቀን 1964 ልጅ ሆነው ኮሹ ካይዶ በሚባለው መንገድ ዳር ቆመው አይተውታል። አበበ ቢቂላ ብቻውን ሲያልፍ፣ ፊቱ ላይ ምንም ድካም ሳይኖር። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ። ጃፓኖች "ባዶ እግሩ አበበ" ይሉታል፤ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነበር። ሽማግሌው ይህን ያውቃሉ፤ "ጫማው ነጭ ነበር" አሉኝ። የነሱ ልጅ ቱቡራያ ሦስተኛ የወጣበት ውድድር ነው። ስለ ቱቡራያም ነገሩኝ፤ ስታዲየም ውስጥ እንዴት እንደተቀደመ። ለሁለቱም ጠጣን። እሳቸው ሳኬ፣ እኔ የገዙልኝን ሳኬ። ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ እሳቸውም የኔን። ሌላ ጊዜ ስንገናኝ "አቤቤ ሳን" ይሉኝ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ መጠጥ ሌላ ነው። በታኅሣሥ ቦኔንካይ የሚባል አለ፤ የዓመቱን ድካም መርሻ። ደስ ይላል። ግን በየሳምንቱ አለቃ ስለጠራ ብቻ እየተጎተቱ መሄድን እኔ አልወደውም፤ ብዙ ወጣት ጃፓናውያንም አሁን "አይመቸኝም" ማለት ጀምረዋል። ደግ አደረጉ። ማንም "ኢኪ! ኢኪ!" እያለ በአንድ ትንፋሽ እንድትጨልጡ ቢያስጨንቃችሁ ብርጭቆውን አስቀምጡ። በዚህ የሞቱ ተማሪዎች አሉ።

ሂሳብ ላይ ሁለት ጣታችሁን አቆላልፋችሁ የመስቀል ምልክት ብታሳዩ ይገባቸዋል። ከፊታችሁ "እኔ ልክፈል፣ አንተ አትከፍልም" የሚለው የኛ ትግል የለም። ዋሪካን ነው፤ መዋጮ። ጠቅላላው ለሰው ቁጥር ይካፈላል፤ ታላቅ የሆነው አንዳንዴ ከበድ ያለውን ይወስዳል። ጉርሻም የለም። ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ ትታችሁ ብትወጡ እየሮጡ መንገድ ላይ ይመልሱላችኋል። ትንሽ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው ከ3000 እስከ 4000 የን ብትይዙ በልታችሁ ጠጥታችሁ ትወጣላችሁ። ስትወጡ "ጎቺሶሳማ ዴሺታ" በሉ። እግዜር ይስጥልኝ እንደማለት ነው፤ ለጠባሹም በዓይን እየፈለጋችሁ በሉት።

ጠጥታችሁ ብስክሌት አትንዱ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 ጀምሮ ቅጣቱ ጠብቋል፤ እስራትም አለበት፤ ተማሪ ደግሞ ሁሉም ብስክሌት አለው። እየገፋችሁ ሂዱ። የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት ገደማ ነው።

የት እንሂድ ለምትሉኝ፣ ሺንጁኩ ያለውን ኦሞይዴ ዮኮቾን ሁሉም ያሳያችኋል። ከጦርነቱ ማግሥት ከጥቁር ገበያ የተወለደ ጠባብ መንገድ ነው። ቆንጆ ነው፤ ግን ቱሪስት በዝቶበታል። ዩራኩቾ ከባቡር ሐዲዱ ሥር፣ በጡብ ቅስቶቹ ውስጥ ያሉት ደስ ይላሉ፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። የድሮውን ማየት ለሚወድ ኮጋኔይ ያለው የኤዶ ቶኪዮ የሕንፃ ሙዚየም ውስጥ ካጊያ የሚባል መጠጥ ቤት ሕንፃው እንዳለ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1856 የተሠራ እንደሆነ ይገመታል። ባንኮኒው ላይ እጃችሁን ብታሳርፉ የብዙ ሰው ክርን ያለሰለሰውን እንጨት ታገኙታላችሁ።

እኔን ብትጠይቁኝ ግን ታቴይሺ ሂዱ እላለሁ። ከአራካዋ ወንዝ ማዶ፣ ካትሱሺካ ወረዳ ውስጥ ነው። ካትሱሺካን ትሰሙታላችሁ፤ ዮትሱጊ የሚባለው ሠፈሩ የኛ ሰዎች በርከት ብለው የሚኖሩበት ነው። እንጀራ ያማራችሁ ቀን የምትሄዱት ወደዚያ ነው። ታቴይሺ ከዮትሱጊ አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። እዚያ ያሉት ቤቶች ለሠራተኛ የተከፈቱ ናቸው። አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣሉ። ሌላ ቦታ ጠጥቶ የመጣን ሰው የማያስገቡ አሉ። አብዛኛው የሆድ ዕቃ የአሳማ ነው፤ ስለዚህ እየጠየቃችሁ ብሉ። "ሴንቤሮ" የሚባል ቃል አላቸው፤ 1000 የን ይዞ ሄዶ ሞቅ ብሎት መመለስ ነው። ዛሬ በዚያ ዋጋ ይከብዳል፤ ቃሉ ግን አልሞተም።

ከጣቢያው በስተሰሜን ያለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2023 ለመልሶ ማልማት መፍረስ ጀመረ። ኖምቤ ዮኮቾ የሚባለው የጠጪዎች መንገድም አብሮ ሄደ። መልሶ ማልማት የሚለውን ቃል ለእናንተ ማብራራት አይጠበቅብኝም። ከመፍረሱ በፊት አንድ ቅዳሜ ሄጄ ነበር። በሩ ላይ "ለብዙ ዘመን አመሰግናለሁ" የሚል በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። አንድ አዛውንት ቆመው ያነቡታል። አንብበው ጨረሱ፤ እንደገና ከላይ ጀመሩ። እሳቸው እዚያ የከፈሉት ለቢራና ለጥብስ ብቻ አልነበረም። ያችን ወንበር ማንም ሌላ ቦታ አይሠራላቸውም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ቶሎ ሂዱ ልላችሁ ነው። የብዙዎቹ ቤቶች ባለቤቶች አርጅተዋል። ልጆቻቸው ቢሮ ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወረርሽኙ ጊዜ ቶኪዮ ውስጥ መጠጥ እንዳይቀርብ ሲጠየቁ የዘጉ፣ ከዚያ ወዲያ ያልከፈቱ አሉ።

ቅድም አንዷ እህታችን "ብቻዬን ሴት ሆኜ መግባት ይቻላል?" ብላ ጠይቃኛለች። ይቻላል። ብዙ ጃፓናውያን ሴቶች ብቻቸውን ይገባሉ። ዓርብ ማታ አትሂጂ፤ ይጨናነቃል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሂጂ፤ በኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ፣ መጋረጃው ገና እንደተሰቀለ። ጠባሹ ከሰሉን እያቀጣጠለ ነው። ቤቱ ባዶ ነው፤ ጊዜ አላቸው፤ ያዩሻል። "ናንሜይ ሳማ?" ሲሉሽ አንድ ጣትሽን አሳዪና ባንኮኒው ላይ ተቀመጪ።